ቀዳዳ ሳንቲም ይዤ ወደ አንኮበር

አንኮበርን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። ሰው ለንግሥ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለገበያ ይሄዳል፤ እኔ የሄድኩት አንዲት ሳንቲም ምን እንደሆነች ለመጠየቅ ነው። ከመዘዞ ርቃችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህም «እንዴት ሆነ?» የሚለኝ በዝቷል። ስለዚህ መንገዱንም የገጠመኝንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው።

የእህቴ የአየለች ልጅ ጥሩወርቅ በዐቢይ ጾም መካከል ታመመች። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ እህል እንቢ አለች። አንድ ቀን እናቷ መኝታዋን ስታራግፍ ከትራሷ ሥር አንዲት ነገር ዱብ አለች። ክብ ናት፤ የናስ ትሁን የመዳብ አትለይም። መሐሏ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላት። በቀዳዳው ዙሪያ ግዕዝም ዐረብኛም ፈረንጅኛም ያልሆነ ጽሑፍ አለ። የንጉሥ መልክ የላት፣ አንበሳ የላት። መልክ የሌለው ገንዘብ ማን አይቶ ያውቃል? አየለች ጮኸች፤ መንደሩም ተሰበሰበ።

ልጅቷን ማን ሰጠሽ ብንላት «ጋሼ ዘለቀ» አለች።

ዘለቀ ሸማኔ ነው። ወደ መንደራችን የመጣው ባለፈው ዓመት ከደነባ በኩል ሲሆን ዘመድ የለውም፣ ሚስት የለውም፤ ቀን ከሽመና ጉድጓዱ አይወጣም። ሸማኔንና ቀጥቃጭን በምን ዓይን እንደምናይ ታውቃላችሁ። ሲያመጡት እንዲህ አለ፦

«ከኮሪያ ያመጣኋት ናት። እዚያ ልጆች ይጫወቱባታል። የተፈተለውን ድውር ልቀበል ስመጣ ልጅቱ ብቻዋን ተኝታ ስታለቅስ አየኋትና ትጫወትባት ብዬ ሰጠኋት።»

«የኮሪያ ዘማች ሸማ ሲሠራ የት ታየ?» አለው ጭቃ ሹሙ። «ሜዳሊያህ የታለ?»

«አዲስ አበባ ተሰረቅሁ።»

«ምስክርስ?»

«ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባል ነበር፤ አብረን የዘመትን። አገሩ አንኮበር ነው። ይኑር ይሙት ግን አላውቅም።»

ቤቱን አሁኑኑ እናቃጥለው ያሉ ነበሩ። ጭቃ ሹሙ ግን ሰውዬውን ጎተራ ቤት አስቆለፈበትና፣ «እስከ ደብረ ዘይት እሑድ ማንም እንዳይነካው። ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ያልቃል» አለ። ያልቃል ሲል እንዴት እንደሚያልቅ አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል። እስከዚያ አንድ ሰው ሳንቲሟን ይዞ ሄዶ ያጣራ ተባለ፤ የሚይዛት ጠፋ። እኔ በግ ነጋዴ ነኝ፤ የደብረ ብርሃንን መንገድ አውቃለሁ፤ ልጅቷም የእህቴ ናት። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሌ ሳንቲሟን በእጃቸው ሳይነኩ፣ በጨርቅ ላይ እምነት ነስንሰው ጠቀለሏትና ደረቴ ላይ አሰሩልኝ። «በፍጹም አትፍታት» አሉኝ። ካልፈታኋት ለሰው እንዴት አሳያለሁ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ወኔው አልነበረኝም።

ረቡዕ ማለዳ ተነሣሁ። የተራራው ጫፍ መንገድ እስከ ጣርማ በር እግሬ የሚያውቀው ነው፤ በግ እየነዳሁ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። የዚያን ቀን ግን የሰው አገር መሰለኝ። ጉሙ ከቆላው እየተትጎለጎለ ይወጣል፤ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎቹ ሲጯጯኹ የሰው ሙሾ ይመስላል። ጨርቋ ደረቴን በነካችኝ ቁጥር ትቀዘቅዘኛለች። ላብ ነው እላለሁ፤ ላብ ግን እንዲያ አይቀዘቅዝም።

ጣርማ በር ላይ እህል የጫነ መኪና አገኘሁና ከጆንያው ላይ ወጣሁ። አጠገቤ አንዲት የደብረ ሲና ሴት ነበረች፤ የሽምብራ ቆሎ ዘገነችልኝ። ብዙም ሳንሄድ ዝናቡ ወረደ፤ መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራተተና የኋላ ጎማው ወደ ገደሉ ዞረ። ረዳቱ «ታኮ! ታኮ!» እያለ ድንጋይ ይዞ ሮጠ። ሌላው ሰው ተቀምጦ ማርያምን ይጠራል፤ እኔ ዘለልኩ። በግራ እጄ ላይ ወደቅሁና አንጓዬ ዞረ። መኪናው ቆመ፤ ማንም ምንም አልሆነም። የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ እጄን እያሰረችልኝ፣ «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የፈራኸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ልንገራት ብል ከመኪናው የሚያስወርዱኝ መሰለኝ።

ደብረ ብርሃን ሁልጊዜ የማድረው እማማ በለጡ ቤት ነው። እጄን አይተው ቅባት በእሳት አሙቀው አሹልኝ፤ ሽሮ በስናፍጭ አቀረቡልኝ። የእሳቸው ስናፍጭ ከእኛ አገሩ ይበልጣል፤ ዓይን ያስነባል። ብርዱ ግን መዘዞን አያህልም፤ ደብረ ብርሃኖች ብርድ የእነሱ ብቻ ይመስላቸዋል። በዚያ ቤት አንድ መምህር ተከራይቶ ይኖራል። አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ እግር ነው። የተማረ ነውና ለእሱ ባሳየው ብዬ የመምሬን ትእዛዝ አፈረስኩ። ፋኖሱ ሥር ጨርቁን ፈታሁለት።

አገላብጦ አያት። «ይህ የቻይና ፊደል ነው» አለኝ።

«የኮሪያ አይደለም?»

«የኮሪያን ፊደል በጋዜጣ አይቻለሁ። ይህን አይመስልም። ይህ የቻይና ነው።» ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ታደሰ፣ ቻይና ዛሬ የኮሚኒስት አገር ናት። ሰውዬው ከማን እንዳገኛት ታውቃለህ? ለማንም አታሳይ። ፖሊስ ቢያገኝብህ መልስ የለህም።»

እስከዚያ ሰዓት የምፈራው ሰይጣንን ብቻ ነበር፤ አሁን መንግሥት ተጨመረበት። ከሁሉ የባሰው ግን ዘለቀ ዋሽቷል የሚለው ሐሳብ ነው። በኮሪያ ከዋሸ በሌላውስ? ልጅቷ ዓይኗ ገብቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ታየኝ። እማማ በለጡ ገበር ያለው ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ነበር፤ ግን ሙቀት አልሰጠኝም።

ሐሙስ ጧት እማማ በለጡ ከጎረቤታቸው በቅሎ ተዋሱልኝ። «ልብ ብለህ ያዛት፤ ጉም ታያለች፤ ትደነብራለች» አሉኝ። በቅሎ ጉም የምታይ ከሆነ ሰው ምን ያያል ብዬ ሳቅሁ፤ በጉዞዬ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የአንኮበር መንገድ ለማያውቀው ያታልላል። መጀመሪያ እንደኛው አገር ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ። ድንጋይ ካቡ እንኳ አንድ ነው። እየሄድክ እያለህ ሜዳው በድንገት ያልቅና እግርህ ሥር ሰማይ ይሆናል። ከእኛም ዘንድ ገደል አለ፤ የእኛ ገደል ግን መኖሩን ከሩቅ ይነግርሃል።

ጉሙ የያዘኝ እዚያ ጋ ነው። የበቅሎዋ ጆሮ እስኪጠፋኝ ድረስ ከበበኝ። በቅሎዋ ቆመች፣ አሽካካች፣ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። ድንጋይ ከኮቴዋ ሥር ተፈናቅሎ ሲወርድ ሰማሁ፤ መሬት ሲነካ ግን አልሰማሁም። ልጓሙን በዞረው እጄ ይዤ «እግዚኦ» እላለሁ። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ «ቢስሚላህ! ልቀቃት! ልጓሙን ልቀቅ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ አንድ ሰውም ደርሶ የበቅሎዋን ዓይን በኩታው ሸፈነና ወደ ውስጥ ሳባት።

ሐሰን ይባላል፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬ ሸጦ በአህዮቹ ወደ አገሩ ይመለሳል። ተንፈራግጬ ስወርድ ጨርቋ ከደረቴ ተፈትታ ኖሮ ሳንቲሟ ሣር ላይ ወደቀች። አጎንብሶ አያትና እጁን ሰበሰበ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። መናገር ቀለል አደረገኝ። ሐሰን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ አደረገ። «አባቴ በወደብ ያለፈ የስንቱን አገር ገንዘብ አሳይቶኛል፤ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለ። «እኔ አልነካውም። አንተንም ግን በዚህ ጉም ጥዬህ አልሄድም።» ሳንቲሟን እኔው አንሥቼ ቋጠርኳት። እሱ ከፊት በቅሎዋን እየሳበ፣ አህዮቹ ከኋላ እየተከተሉ፣ ጎረቤላ አደረሰኝ። ሲለየኝ ከስንቁ ቴምር ከፈለልኝ፤ የጾም ነው ብላው አለኝ። እየፈራኝ ነበር ይህን ሁሉ ያደረገው፤ ስለዚህም አልረሳውም።

ጎረቤላ ያሳደሩኝ አባባ ሰይፉ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ስላቸው ከየት፣ ለምን ሳይሉ እግሬን አሳጠቡኝ፤ የባቄላ ንፍሮና ጠላ ቀረበ። የእነሱ ጠላ ከእኛው ይጠቁራል፤ ጌሾም ይበዛበታል። ሃምሳ አለቃ ደምሴን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«በሕይወት አለ» አሉኝ። «ባይኖር ይሻለው ነበር። ከአንኮበር ጉብታ በታች ብቻውን ይኖራል። ከዚያ አገር ከመጣ ወዲህ ልቡ አልተመለሰም። ድንገት ይጮኻል፤ ሰው ከኋላው ሲመጣበት ይተኩሳል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቱን ውሻ ገድሎበታል።»

«ታዲያ እንዴት ልቅረበው?»

«ከሩቅ ስምህን እየጠራህ ሂድ። እጅህንም አሳይ። ሲበቃህ ተመለስ ልጄ፤ ማንም አይፈርድብህም።»

መመለስ አማረኝ፤ አልዋሻችሁም። ብመለስ ግን ዘለቀ ጎተራ ቤት ውስጥ ነው፤ እሑድም ይመጣል።

ዓርብ ወደ አንኮበር ወጣሁ። የድሮው የነገሥታት ግቢ የነበረበትን ጉብታ በእጃቸው ጠቆሙኝ፤ ጥድ ተጋርዶበት፣ ጉም ለብሶ ነበር። ከዚያ ላይ የአዳል በረሃ እንደ ባሕር ይታያል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ነጭ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን ወርጄ ጎጆውን ከማየቴ በፊት መጮኽ ጀመርኩ። «ታደሰ እባላለሁ! ከመዘዞ ነኝ! ሰላማዊ ነኝ!» ድምፄ ከገደሉ ተመልሶ ሌላ ሰው የጠራኝ ይመስላል።

«ቁም!»

ቆምኩ። ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ ከድንጋይ ካብ በላይ የምንሽር አፈሙዝ አየሁ፤ ወደ ሆዴ ተነጣጥሯል።

«ማን ላከህ?»

እጆቼን አንሥቼ፣ «ዘለቀ!» አልኩ። «ሸማኔው ዘለቀ!»

አፈሙዙ አልወረደም። ድምፁ ግን ሌላ ሆኖ መጣ፦ «ዘለቀ በሕይወት አለ?»

አንከስ እያለ ወጣ። ጠጉሩ ሳይሸብት ፊቱ ያረጀ ሰው ነው። ውስጥ አስገብቶ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ጠመንጃውን ግን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔም አላመንኩትም። በመንገድ ሳስብበት የመጣሁትን አደረግሁ፤ ሳንቲሟን ሳላሳየው ጠየቅሁት።

«ዘለቀ ከኮሪያ ምን ይዞ መጣ?»

«ምን ይዞ ይመጣል? ነፍሱን ነዋ።» ቀጥሎም፣ «አዎ፤ አንዲት ቀዳዳ ሳንቲም ነበረችው» አለ።

«ቀዳዳዋ እንዴት ያለ ነው?»

«አራት ማዕዘን። አራት ፊደል አላት። ጠርዟ ላይ ጥርስ የነከሳት የመሰለ ጎዶሎ አለ። ምን ሆነሃል? ለምን ታለቅሳለህ?»

ፈትቼ ሰጠሁት። ጎዶሎው ነበር፤ እኛ ልብ ሳንለው የሰይጣን ጽሑፍ ስንፈልግ ነው ያለፍነው። ዘለቀ በእሷ ሰበብ ተቆልፎበት የእሑድን ፍርድ እንደሚጠብቅ፣ መምህሩም የቻይና ፊደል ነው እንዳለኝ ነገርኩት።

«አልተሳሳተም» አለ። «የጥንት ኮሪያዎች የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነበር። እኛ በአማርኛ እያወራን ቅዳሴው በግዕዝ እንደሆነው በለው። የዛሬው ፊደላቸው ሌላ ነው። ይቺ የድሮ ገንዘባቸው ናት፤ በገመድ እየሰኩ ይይዟት ነበር፤ ቀዳዳዋ ለዚያ ነው። ዛሬ ምንም አትገዛም። እግሬ በብርድ ሞቶ ሆስፒታል ስተኛ ዘለቀ ይዟት ሊጠይቀኝ መጣና የእነሱ አስተርጓሚ አስነብቦኛል። ከላይ ትጀምራለህ፣ ወደ ታች ትወርዳለህ፣ ከዚያ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ። ልክ እንደ ማማተብ፤ ግራና ቀኙ ብቻ ተገልብጧል።»

ተገልብጧል ሲል እንደገና ደነገጥኩ። እሱ አላየኝም፤ በጣቱ እየነካ «ሳንግ፣ ፒዮንግ፣ ቶንግ፣ ቦ» አለ። «ሁልጊዜ እኩል ሆኖ የሚዘዋወር ገንዘብ ማለት ነው። በቃ። ሌላ ነገር የለበትም።»

«ዘለቀ ልጆች ይጫወቱባታል ብሏል።»

ከጣሪያው ሥር የስኳር ወረቀት መዘዘ። በቀዳዳው አሳልፎ ጫፉን ዘነጣጠለው፤ የዶሮ ላባ መሰለ። ተነሣና በውስጥ እግሩ ወደ ላይ መታት፤ ወደቀች፤ ደግሞ መታት። ጣት የሌለው እግር ነው፤ ሦስተኛውን ሳተ። ያን ጊዜ ነው ጠመንጃውን መሬት ማስቀመጡን ያየሁት።

«በተቃጠለ መንደር ውስጥ አንዲት ልጅ አገኘን» አለ። «ሰው ሁሉ አልቆባታል። ዘለቀ ክረምቱን ሙሉ ከራሱ ምግብ እየከፈለ አበላት። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ሲወስዷት ያላት ይህ ብቻ ነበርና ሰጠችው። ወረቀቱ በበረዶ ረጥቦ አለቀ፤ ሳንቲሟ ቀረች።» ከዚያ ወደ በሩ አየ። «እኔ ካልሄድኩ ቃልህን ማን ያምናል? ሰው የተሰበሰበበት ግን አልችልም። ከኋላዬ ማንም እንዳይቆም ታደርጋለህ?»

«አደርጋለሁ» አልኩት። ጠመንጃውን እንዲተው ለመንኩት። ብዙ ካቅማማ በኋላ አባባ ሰይፉ ዘንድ አደራ አኖረው።

ቅዳሜ እሱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ደብረ ብርሃን ደረስን፤ በቅሎዋን መልሰን በጭነት መኪና ማታውን ጣርማ በር ገባንና ጭድ ላይ አደርን። መኪናው ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ክንዴን ይጨብጣል፤ የዞረውን እጄን ስለሆነ አብረን እንጮኻለን። በአገር የተፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር ብዛት ሳይ አዘንኩ።

እሑድ ለእሱ ከጣርማ በር በቅሎ ተውሰን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ መዘዞ ገባን። ሕዝቡ ከወይራው ሥር ተሰብስቧል፤ ዘለቀም እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። አየለች ሮጣ መጣች። «ወንድም ጋሼ፣ ሳንቲሟን ይዘሃት በሄድክ በማግስቱ ልጄ ተነሣች! ትኩሳቱ ለቀቃት!» ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ቀዘቀዘ። ሕዝቡ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው፤ ሳንቲሟ ስትወጣ በሽታው ወጣ። «ይኸው!» ይላሉ፤ «ይኸው ራሱ ሥራው መሰከረበት!»

ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከበቅሎ ወርዶ ጀርባውን ለወይራው ግንድ ሰጠ። ላብ ያጠምቀዋል። ዘለቀ ሲያየው «ደምሴ» ብቻ አለ። ደምሴ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ተናገረ፤ ፊደሉን አነበበ፤ ስለ ልጅቷ አወራ። በመጨረሻ ሳንቲሟን በወረቀት አስጊጦ መታት። አንድም ሰው አልሳቀም። ሦስተኛውን ሳተና እኛ መሐል ወደቀች፤ ሕዝቡ እንደ እባብ ሸሻት።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ወጣች። አየለች ጮኸች፤ እኔም ጮኽሁ። ልጅቷ አንሥታ እፍ አለችባትና በእግሯ ለመምታት ሞከረች፤ ሳተች። ደግሞ ሞከረች። በሕመሙ የቀጠነ እግሯ ይንገዳገዳል። ምንም አልሆነም። ሁላችንም ምን እንደሚሆን እየጠበቅን ቆመን ምንም አልሆነም። መምሬ ኃይሌ «ፍቱት» አሉ። ጭቃ ሹሙ ራሱ ሄዶ ፈታው።

የዘለቀን ቤት ሣር ክዳን ልጆች ገንጥለውት ነበር። መሸመኛውን ግን ማንም ሊነካው ስላልደፈረ ድሩ እንደተወጠረ ቆየው። ደምሴ አብሮት ሰነበተ። ዘለቀ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሳያወራ ሸመነ፤ ለፋሲካ የታዘዘውን ሁሉ፣ የጭቃ ሹሙን ጋቢ ሳይቀር፣ ጨርሶ በየደጁ አደረሰ። የመጨረሻው የአየለች ነጠላ ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ። አየለች እግሩ ላይ ወድቃ «አትሂድብን፤ በድለንሃል፤ ቤትህን እናድሳለን» አለችው።

አነሣት። አልተቆጣም።

«ይቅር ብያለሁ እህቴ» አላት። «ግን ሌት እንጨት ቢሰበር መጡብኝ እላለሁ። እናንተ እኔን መፍራት ተዋችሁ፤ አሁን እኔ እናንተን ፈራሁ።»

በማግስቱ ሁለቱ የአንኮበርን መንገድ ያዙ። እስከ ጣርማ በር ልሸኛቸው ተነሣሁ፤ ደምሴ ከኋላቸው እንዳልሆን ለመነኝና ከፊት ከፊት ሄድኩ።